መስመሩ ደህና፣ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ፦ ችግሩ ከፋየርዎላችን ፕሮክሲ ሲገኝ

«መስመሩ ሲለካ ደህና ነው፤ ገጽ ሲከፈት ግን መከራ ነው» የሚል ችግር ከገጠማችሁ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ የምከታተለው እኔ ነኝ። ለረጅም ጊዜ ሠራተኛው ሁሉ በኢንተርኔቱ ሲማረር ከረመ። ገመዱን ጠረጠርን፣ አቅራቢውን ጠረጠርን፣ ኮምፒውተሮቹን ጠረጠርን። ችግሩ የተገኘው ግን ፋየርዎላችን (የኔትወርኩ በር ጠባቂ መሣሪያ) ውስጥ፣ ዌብ ፕሮክሲ በሚባለው፣ በሠራተኛውና በድረ ገጹ መካከል ቆሞ ገጾችን በሚያቀብለው ክፍል ነው። ማስተካከያው ከባድ አልነበረም። ከባዱ እዚያ መድረሱ ነበር። ያ ድካም በሌላ ሰው ላይ እንዲደገም አልፈልግም።

ነገሩ የጀመረው አሮጌውን ራውተር አንስተን ፋየርዎል ከተከልን በኋላ ነው። ፋየርዎሉ ከተራ ራውተር የሚለየው ትራፊኩን ከማሳለፍ አልፎ ውስጡን ማየት በመቻሉ ነው። ቫይረስ ይፈትሻል፣ አደገኛ ድረ ገጾችን ይዘጋል፣ ማን የት እንደገባ ይመዘግባል። ይህን የሚሠራው በዌብ ፕሮክሲው በኩል ነው። መጀመሪያ አካባቢ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ከዚያ ሠራተኛው እየበዛ፣ እኛም የጥበቃ አማራጮችን አንድ በአንድ እያበራን ስንሄድ ቅሬታው መምጣት ጀመረ።

ቅሬታው አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ቶሎ በደረስንበት። አንዱ «ገጹ ነጭ ሆኖ ይቆይና ድንገት ሙሉ በሙሉ ይከፈታል» ይላል። ሌላው «ፋይል ሳወርድ ዜሮ ላይ ቆሞ ይቀራል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «እኔ ጋ ቪዲዮ ያለ ችግር ይሠራል፤ ምን ሆናችሁ ነው?» ብሎ ይገረማል። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ይብሳል፣ ሲመሽ ይሻላል። አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ በስልኩ ዳታ መሥራት ጀመረ። ከሁሉም ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ሰው የመሥሪያ ቤቱን ሥራ በራሱ ዳታ ሲሠራ፣ ያ ሁሉ የተገዛ ጥበቃ እሱን አይነካውም።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው ነው። ለኩና «በእኛ በኩል መስመሩ ንጹሕ ነው» አሉን። አላመንናቸውም። ደግመን ደወልን፣ ደግመው ለኩ፣ ያንኑ መለሱ። በመጨረሻ አለቆቻችን «እንግዲያው ፍጥነቱን ከፍ እናድርገው» ብለው ወሰኑ። ከ50 ወደ 100 ሜጋቢት በሰከንድ አደግን። ክፍያው ጨመረ፤ ፍጥነቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ይህን ልብ በሉልኝ። የመስመሩ አቅም እጥፍ ሆኖ ምንም ለውጥ ካልመጣ፣ ያ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው። ማነቆው መስመሩ አይደለም ማለት ነው። ገንዘብ ከመጨመራችሁ በፊት ይህን የምታረጋግጡበት ነፃ መንገድ ስላለ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። መስመር የሚሸጠው በሜጋቢት ነው። ብሮውዘር ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ግን በሜጋባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ የ100 ሜጋቢት መስመር ቢበዛ በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ነው የሚያወርደው። 11 ሜጋባይት እያየ «ከ100 ውስጥ 11 ብቻ ነው የሚደርሰን» ብሎ የሚያዝን ሰው ብዙ ነው። ያ ጤነኛ መስመር ነው። እኛ ጋ ይታይ የነበረው ግን ግማሽ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም ነበር።

ከሁሉም በላይ መንገድ ያሳተን ፒንግ ነው፤ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ የሚለካው ሙከራ። ቅሬታ በመጣ ቁጥር ወደ ውጭ ፒንግ እናደርጋለን። መልሱ ፈጣን ነው፣ የሚጠፋ ፓኬትም (የዳታ ቁራጭ) የለም። «እንግዲህ ኔትወርኩ ደህና ነው» ብለን ኮምፒውተሩን መጠርጠር እንጀምራለን። ፒንግ የሚሄደው ግን አይሲኤምፒ በሚባል ፕሮቶኮል (የመገናኛ ደንብ) ነው። ዌብ ፕሮክሲ የሚይዘው የዌብ ትራፊክን ነው፤ በአብዛኛው በፖርት (የአገልግሎት በር ቁጥር) 80 እና በፖርት 443 የሚሄደውን። ፒንጉ በፕሮክሲው በኩል አያልፍም። መንገዱ ክፍት መሆኑን ይነግራችኋል እንጂ ፕሮክሲው ምን ያህል እንደደከመ አይነግራችሁም።

የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጾችም በራሳቸው መንገድ ያሳስታሉ። ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ በርካታ ግንኙነቶችን ከፍተው ድምሩን ነው የሚሰጧችሁ። ፋይል ስታወርዱ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ግንኙነት ብቻ ነው የሚሠራው። አንዳንዶቹ መለኪያዎች ደግሞ ከ80 እና ከ443 ውጭ ባለ ፖርት ስለሚሠሩ ፕሮክሲውን ጭራሽ አይነኩትም። ስለዚህ የሚያምር ቁጥር ስታዩ፣ ያ ቁጥር ሠራተኛው በሚሄድበት መንገድ የተለካ መሆኑን ጠይቁ።

አቅጣጫችንን የቀየሩት የሂሳብ ክፍል ኃላፊያችን ናቸው። እሳቸው የኮምፒውተር ባለሙያ አይደሉም፤ መመዝገብ ግን ልማዳቸው ነው። አንድ ቀን ወረቀት ይዘው መጡ። «ልጄ፣ የማየውን ነገር ጻፍኩልህ፤ ምናልባት ይጠቅምህ ይሆናል» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ሰዓቱ፣ የድረ ገጹ ስምና ገጹ ለመከፈት የፈጀው ጊዜ ሰፍሯል። አንድ ድረ ገጽ መጀመሪያ ሲከፈት አምስት ሰከንድ ገደማ ይቆያል። ወዲያው ደግመው ሲከፍቱት እሺ ይላል። ቆየት ብለው ሲመለሱበት እንደገና አምስት ሰከንድ።

ያ ወረቀት እኛ ከሰበሰብነው መረጃ ሁሉ የበለጠ ነገር ነገረኝ። መስመር ሲጨናነቅ መዘግየቱ ይለዋወጣል፤ አንዴ ሁለት ሰከንድ፣ አንዴ ዘጠኝ ይሆናል። ሁልጊዜ አምስት አካባቢ የሚመላለስ ከሆነ ግን የሆነ ነገር መልስ እየጠበቀ፣ ጊዜው ሲያልፍበት ነው ወደ ሌላ የሚዞረው። ደግሞም ሁለተኛው ጊዜ ፈጣን መሆኑ አንድ ቦታ ላይ መልስ ተይዞ እንደሚቆይ ያሳያል። እባካችሁ ከተጠቃሚዎቻችሁ ቅሬታ ስትቀበሉ «ቀርፋፋ ነው» በሚለው ብቻ አትለፉ። መቼ? የትኛው ድረ ገጽ? መጀመሪያ ሲከፈት ነው ወይስ ሁልጊዜ? ስንት ሰከንድ? እነዚህን ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ መገመት ትተን መንገዱን መከፋፈል ጀመርን። ነፃው መንገድ ያልኳችሁ ይሄ ነው። ሠራተኛው ከወጣ በኋላ አንድ ላፕቶፕ ከፋየርዎሉ ውጭ፣ በቀጥታ ከአቅራቢው መስመር ጋር አገናኘን። ይህን ስታደርጉ የላፕቶፑ የራሱ ፋየርዎል መብራቱን አረጋግጡ፤ ለደቂቃዎች ብቻ ይሁን፤ የሥራ ፋይል ያለበት ማሽንም አይሁን። አንድ ትልቅ ፋይል አወረድን። መስመሩ የተከፈለበትን ሙሉ ፍጥነት ሰጠን። አቅራቢውን ያለ ጥፋቱ ስንወቅስ ነበር ማለት ነው።

ቀጥለን ያንኑ ላፕቶፕ ወደ ውስጥ መለስነው፤ የቢሮውን ኮምፒውተሮች ከሚያገናኘው ስዊች ጋር፣ ከፋየርዎሉ ጀርባ። ግን ፋየርዎሉ ላይ የዚያን ላፕቶፕ አድራሻ ከዌብ ፕሮክሲው ነፃ አደረግነው። ያንኑ ፋይል አወረድን። አሁንም ፈጣን ነው። ከዚያ ነፃነቱን አንስተን፣ ሌላ ምንም ሳንነካ፣ ያንኑ ፋይል እንደገና አወረድን። ወዲያው ተጎተተ። በእነዚህ ሦስት ሙከራዎች ገመዱም፣ ስዊቹም፣ ኮምፒውተሩም፣ የፋየርዎሉ ተራ ማሳለፊያም ነፃ ወጡ። የቀረው ፕሮክሲው ብቻ ነው።

የእናንተ ፕሮክሲ በሁለት መንገድ ሊሠራ ስለሚችል ሙከራውን ስታደርጉ የትኛው እንደሆነ እወቁ። አንደኛው ብሮውዘሩ ላይ አድራሻውና ፖርቱ የሚጻፍበት ነው፤ 3128 ወይም 8080 የተለመዱ ናቸው። እሱን ከሴቲንግ ላይ ማጥፋት ይቻላል። ሁለተኛው ትራንስፓረንት የሚባለው ነው። ብሮውዘሩ ምንም ሳያውቅ ፋየርዎሉ ትራፊኩን መንገድ ላይ ይይዘዋል። በዚህኛው ኮምፒውተሩ ላይ የምታጠፉት ነገር የለም፤ ነፃ የምታደርጉት ፋየርዎሉ ላይ ብቻ ነው። የእኛ ሁለተኛው ነበር። ብዙ ሰው ፕሮክሲ መኖሩን ሳያውቅ የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ትራንስፓረንት ፕሮክሲ መኖሩን የምታውቁበት አንድ ጥሩ ዘዴ ልንገራችሁ። ከርል የሚባል በትእዛዝ የሚሠራ ፕሮግራም አለ። በዊንዶውስ 10 እና 11፣ በማክና በብዙ ሊኑክሶች ላይ አብሮ ይመጣል። አንድን ገጽ ሲያመጣ እያንዳንዱ ደረጃ የወሰደውን ጊዜ ለያይቶ ያሳያችኋል፦ ስሙን ወደ አድራሻ ለመቀየር፣ ግንኙነት ለመክፈት፣ ምስጠራውን ለመጀመር፣ የመጀመሪያው ባይት እስኪደርስ፣ እስኪያልቅ። እኛ ጋ በጣም ሩቅ ያለ ሰርቨር ሞከርን። ግንኙነት ለመክፈት የፈጀው ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ነው። ይህ ሊሆን አይችልም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በ1 ሚሊሰከንድ የሚጓዘው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሄዶ መመለሱ ሲቆጠር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ርቀት ብቻ ነው የሚያዳርሰው። ስለዚህ «አቤት» ብሎ የመለሰልን ሩቁ ሰርቨር አይደለም፤ እዚሁ ያለው ፕሮክሲ ነው። ከግንኙነቱ በኋላ ግን ምስጠራው እስኪጀመር ከአምስት ሰከንድ በላይ ጠበቅን። መዘግየቱ ከኮምፒውተራችን እስከ ፕሮክሲው ባለው መንገድ ላይ አይደለም። ፕሮክሲው ጥያቄውን ከተቀበለ በኋላ ነው።

አምስቱ ሰከንድ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ከዚህ በኋላ ብዙ አልደከምንም። ብዙ ፕሮክሲዎች የሠራተኛው ኮምፒውተር ያገኘውን አድራሻ ዝም ብለው አይቀበሉም። የድረ ገጹን ስም ራሳቸው እንደገና ይጠይቃሉ። ፋየርዎላችን ላይ የመጀመሪያ ዲኤንኤስ ሰርቨር (የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይር) ሆኖ የተጻፈው አድራሻ ከአገልግሎት ውጭ የሆነ አሮጌ ሰርቨር ነበር። ኮምፒውተሮቹ የሚጠቀሙት ሌላ፣ ጤነኛ ሰርቨር ስለሆነ እነሱ ላይ ስንፈትሽ ምንም አይታይም። ፋየርዎሉ ግን ለእያንዳንዱ አዲስ ስም መጀመሪያ ሙቱን ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይዞራል። ሊኑክስ ላይ የተለመደው የዲኤንኤስ መጠበቂያ ጊዜ 5 ሰከንድ ነው፤ ብዙ ፋየርዎሎችም ውስጣቸው ሊኑክስ ነው። የተገኘው መልስ ለተወሰነ ጊዜ ስለሚያዝ ያው ገጽ ሲደገም ይፈጥናል፤ ጊዜው ሲያልፍ እንደገና ይዘገያል። የኃላፊያችን ወረቀት ላይ ያለው በሙሉ ይኸው ነው። አንድ ዘመናዊ ድረ ገጽ ከብዙ የተለያዩ አድራሻዎች ምስልና ኮድ እንደሚያመጣ አስቡት፤ መዘግየቱ ይደራረባል።

አሮጌውን አድራሻ አውጥተን ሁለት የሚሠሩ ሰርቨሮች አስገባን። ነጩ ገጽ በዚያው ጠፋ። ዛሬ ፋየርዎላችሁ ላይ አንድ ነገር ብቻ የምታዩ ከሆነ ይህን እዩ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ዲኤንኤስ ሳይሆን ራሱ ፋየርዎሉ የሚጠቀምበትን። በዚያው መስመራችሁ ላይ አይፒቪ6 (አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት) በትክክል የማይሠራ ከሆነ ፕሮክሲው መጀመሪያ በእሱ እየሞከረ ጊዜ እንደማያባክን አረጋግጡ። ድረ ገጾችን በዓይነታቸው የሚለየው ክፍልም ለእያንዳንዱ አዲስ አድራሻ ውጭ ያለ ሰርቨር የሚጠይቅ ከሆነ ተመሳሳይ መዘግየት ሊያመጣ ይችላል።

ይህ ግማሹን ቅሬታ ብቻ ነው የፈታው። ትልልቅ ፋይሎች አሁንም ይጎተቱ ነበር። እዚህ ላይ ያለው ነገር ፕሮክሲው ቫይረስ የሚፈትሽበት መንገድ ነው። ፋይሉን ሙሉ በሙሉ ሳያገኝ ንጹሕ ነው ማለት አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ለራሱ ያወርዳል፣ ይፈትሻል፣ ከዚያ ነው ለሠራተኛው የሚሰጠው። ዕቃውን ሁሉ በር ላይ ዘርግቶ ካልፈተሸ እንደማያስገባ ዘበኛ ማለት ነው። ሠራተኛው የሚያየው ዜሮ ላይ የቆመ ቁጥር ነው፤ ወይም ብሮውዘሩ ተስፋ እንዳይቆርጥ ጠብ ጠብ የሚል ትንሽ ዳታ። ታግሶ ቢጠብቅ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ዱብ ይላል። ግን ማን ይታገሣል? ይሰርዘውና እንደገና ይጀምራል። ፕሮክሲውም ሥራውን ከሀ ይጀምራል።

እኛ ጋ ደግሞ ሁለት የቫይረስ መፈተሻዎች በተከታታይ በርተው ነበር። ወደ አንድ ቀነስናቸው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ የራሱ መከላከያ ስላለ ይህ ውሳኔ አላሳሰበኝም። ከዚያ በሚፈተሸው ፋይል መጠን ላይ ጣሪያ አደረግን። ጣሪያውን ስታስቀምጡ አስተውሉ፤ በጣም ዝቅ ካደረጋችሁት አደገኛ ነገር ያልፋል። የኦፕሬቲንግ ሲስተም ማሻሻያ የሚመጣባቸውን የአምራቾቹን አድራሻዎች ከፍተሻ ነፃ አደረግን። እነዚህ ማሻሻያዎች በዲጂታል ፊርማ የታተሙ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ፊርማውን ሳያረጋግጥ አይጭናቸውም።

ማሻሻያዎቹ ሌላም ጣጣ ነበራቸው። ማሻሻያ የሚያወርዱ ፕሮግራሞች ፋይሉን ቁራጭ በቁራጭ ነው የሚጠይቁት። አንዳንድ ፕሮክሲ ግን ለመፈተሽ ወይም ኬሽ ውስጥ (ለሚቀጥለው ጠያቂ በሚይዝበት ማከማቻ) ለማስቀመጥ ሲል ለቁራጭ ጥያቄ ሙሉውን ፋይል ያመጣል። ብዙ ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን ማሻሻያ ሲፈልጉ መስመሩ ማንም በማይጠቀምበት ዳታ ይሞላል። ከውጭ ወደ ፋየርዎሉ የሚገባው ትራፊክ ከፋየርዎሉ ወደ ሠራተኞች ከሚሄደው በብዙ የሚበልጥ ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። ሁለቱን የትራፊክ ግራፎች ጎን ለጎን አድርጎ ማየት በቂ ነው።

አሁን ስለ ሲፒዩው (የፋየርዎሉ ማስሊያ ክፍል) ላውራ፤ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነው። ፋየርዎሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሲፒዩው ሠላሳ ከመቶ ገደማ ይሠራል ይላል። ማንም ይህን አይቶ «ሥራ ፈቶ ተቀምጧል» ነው የሚለው። ግን ያ የአራት ኮሮች (ሲፒዩው የተከፋፈለባቸው ማስሊያዎች) አማካይ ነው። በኮር ለያይተን ስናየው አንዱ መቶ ከመቶ ሞልቶ ሦስቱ ቁጭ ብለዋል። የፕሮክሲው ሥራ በአብዛኛው አንዱ ኮር ላይ ተቆልሏል። ስኩዊድ የሚባለው የታወቀ ፕሮክሲ እንኳ ካልተነገረው በስተቀር በአንድ ዋና ሠራተኛ ፕሮሰስ ነው የሚሠራው። ስለዚህ አማካዩን አትመኑ። በየኮሩ እዩ፤ እሱንም ሥራ በበዛበት ሰዓት።

ኮሩን የሞላው የኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ የዌብ ትራፊክ) ፍተሻ ነው። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የተመሰጠረ ነው። ፕሮክሲው ውስጡን ለማየት ምስጠራውን ፈትቶ፣ አይቶ፣ በራሱ ሰርተፊኬት (ዲጂታል መታወቂያ) እንደገና መመስጠር አለበት። ለእያንዳንዱ ግንኙነት ሁለት ምስጠራ ይሆንበታል፤ አንዱ ከሠራተኛው ጋር፣ አንዱ ከሰርቨሩ ጋር። በዚያ ላይ አንዳንድ ፋየርዎሎች ሲፈቱት ገጽ የሚመጣበትን ፕሮቶኮል፣ ኤችቲቲፒ 2ን፣ ወደ አሮጌው 1.1 ያወርዱታል። በ1.1 ብሮውዘሮች ለአንድ ሰርቨር በአብዛኛው ከ6 በላይ ግንኙነት አይከፍቱም፤ የተቀረው ተራ ይጠብቃል። እኛ ሁሉንም ነገር መፍታት ተውን። ባንክና ጤና ነክ ድረ ገጾችን መጀመሪያውኑ መፍታት ተገቢ አልነበረም፤ የሰው ምስጢር ነው። የታወቁ የሥራ መሣሪያዎችንም ነፃ አደረግን። የማይታወቁና አጠራጣሪ የሆኑት ዓይነቶች ላይ ፍተሻው ቀጠለ። ኮሩ ተነፈሰ፤ ሠራተኛውም አብሮ።

ፋየርዎል ልትገዙ ያሰባችሁ ይህን ያዙልኝ። አምራቾች የመረጃ ወረቀታቸው ላይ ብዙ የፍጥነት ቁጥሮች ያስቀምጣሉ። በትልቁ የሚጻፈው ፓኬት ብቻ ሲያሳልፍ ያለው ፍጥነት ነው። ቫይረስ ፍተሻና የምስጠራ ፍተሻ ሲበራ ያለው ፍጥነት ከታች በትንሹ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ከላይኛው በብዙ ያነሰ ነው። የእናንተን ኑሮ የሚወስነው የታችኛው ቁጥር ነው። እሱ ካልተጻፈ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁት።

የፕሮክሲውን ኬሽም ዘጋነው። ድሮ ገጾች ሳይመሰጠሩ በሚመጡበት ጊዜ ጥሩ ነገር ነበር። አሁን ፕሮክሲው የማይፈታውን የተመሰጠረ ይዘት ኬሽ ማድረግ ስለማይችል፣ ጥቅሙ አንሶ ዲስኩን ማድከም ብቻ ሆኗል።

ቪዲዮው ለምን ፈጣን እንደነበረ የገባን በመጨረሻ ነው። አንዳንድ ትልልቅ ድረ ገጾች ኩዊክ የሚባል ፕሮቶኮል ይጠቀማሉ። በ2021 መደበኛ ፕሮቶኮል ሆኖ ጸድቋል። እሱ የሚሄደው ተራው የዌብ ትራፊክ በሚጠቀምበት በቲሲፒ ሳይሆን ዩዲፒ በሚባል ሌላ ፕሮቶኮል ነው፤ ፖርቱ ያው 443 ሆኖ። ፕሮክሲያችን የሚይዘው ቲሲፒን ብቻ ስለነበር ኩዊክ በአጠገቡ እያለፈ ይሄድ ነበር። «አንዳንድ ድረ ገጽ ፈጣን፣ ሌላው ቀርፋፋ» የሚል ቅሬታ ከሰማችሁ ብሮውዘሩ ላይ ኩዊክን አጥፍታችሁ ሞክሩ። ፈጣኑም ከቀረፈፈ ፕሮክሲው ላይ ናችሁ። ግን ይህ ማለት የቪዲዮው ትራፊክ ሳይፈተሽ ያልፍ ነበር ማለትም ነው። ዩዲፒ 443ን መዝጋት ትችላላችሁ፤ ብሮውዘሩ ወደ ቲሲፒ ይመለሳል። ያ ሁሉ ትራፊክ ያን ጊዜ ፕሮክሲው ላይ ስለሚወድቅ መጀመሪያ አቅሙን አረጋግጡ። እኛ የዘጋነው ሌላው ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

መሃል ላይ «ይሄን ፕሮክሲ አጥፉትና እንገላገል» የሚል ግፊት መጥቶብን ነበር። ሰው ሲቸገር ይህን ማለቱ አይፈረድበትም። ግን አንድ የተሳሳተ ዲኤንኤስ አድራሻ ስላለ ጥበቃውን ሁሉ መጣል ትክክል አይደለም። ለሙከራ አጥፉ፣ ለአንድ ማሽን፣ ለአጭር ጊዜ። ከዚያ አማራጮቹን አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ለኩ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ከመቀየራችሁ በፊት የፋየርዎሉን ሴቲንግ ባክአፕ አድርጉ። ለአለቆቻችሁም የምትለኩትን ቁጥር አሳዩአቸው። እኛ ጋ ግፊቱ የቆመው በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት በወረቀት ስናሳያቸው ነው።

የፕሮክሲ ሎግ (የእንቅስቃሴ መዝገብ) ስታነቡ አንድ ጥንቃቄ አለ። ስኩዊድ በሚጽፈው ሎግ ላይ ሁለተኛው ዓምድ ጥያቄው የፈጀው ጊዜ ነው፤ በሚሊሰከንድ። በእሱ ደርድራችሁ ቀርፋፋዎቹን ማውጣት ጥሩ ነው። ግን ምስጠራው ሳይፈታ ለሚያልፍ ኤችቲቲፒኤስ ቁጥሩ ግንኙነቱ ክፍት ሆኖ የቆየበት ሙሉ ጊዜ ነው። አንድ የኢሜይል ገጽ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ከዋለ በጣም ትልቅ ቁጥር ታያላችሁ፤ ችግር አይደለም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አንድ ፋይል ብቻ ስታወርዱ የሚጎተት፣ ብዙ በአንድ ጊዜ ስታወርዱ ግን ድምሩ ጥሩ የሚሆን ከሆነ የቲሲፒ ዊንዶውን (ማረጋገጫ ሳይመጣ በአንዴ የሚላከውን የዳታ መጠን) እዩ። ግንኙነቱን የሚያቋቁመው ፕሮክሲው ስለሆነ የእሱ በፈር (ጊዜያዊ የዳታ ማቆያ) መጠን ይወስናል። በፈሩ 64 ኪሎባይት ላይ ከቆመና ወደ ሰርቨሩ ደርሶ መመለስ 100 ሚሊሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ፣ መስመራችሁ ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን ያ ግንኙነት ከ5 ሜጋቢት በሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ሠራተኛው ሊያስተካክለው የሚችል ነገር የለም፤ የፕሮክሲው ሴቲንግ ወይም የአምራቹ ማሻሻያ ነው የሚፈታው።

አምራቹን ለእርዳታ ስትደውሉ «ኢንተርኔት ቀርፋፋ ነው» ካላችሁ የሚመልሱላችሁ «ሪስታርት አድርጉት» ነው። የአንድ ፋይል ፍጥነት በፕሮክሲው እና ያለ ፕሮክሲው፣ የከርሉን የጊዜ ክፍፍል፣ የየኮሩን የሲፒዩ ሁኔታ፣ የፋየርዎሉን ሶፍትዌር ስሪትና ችግሩ የታየበትን ሰዓት ይዛችሁ ደውሉ። እኛ እነዚህን ይዘን ስንደውል ወዲያው ወደሚያውቀው ሰው ነው ያገናኙን።

አሁን አንድ ትንሽ ኮምፒውተር በየሰዓቱ አንድ ፋይል ሁለቴ ታወርዳለች፤ አንዴ በፕሮክሲው፣ አንዴ ያለ እሱ። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ከወረዱ ለአቅራቢው እደውላለሁ። የፕሮክሲው ብቻውን ከወረደ ፋየርዎሉን እከፍታለሁ።